ትንሿ ሸረሪት፦ ወዳጅ ናት ወይስ ጠላት?

ለገበሬዎችና ለልማት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት



የዛሬው ትምህርታችን ስለ አንዲት እጅግ ትንሽ ፍጥረት ነው። ርዝመቷ ሁለት ወይም ሦስት የጤፍ ፍሬ ቢደረደር ያህል ነው። በእንሰቱ ጥላ ሥር፣ በጎመኑ ቅጠሎች መካከል፣ በአጥሩ ዳር ባለው ሣር ውስጥ ትኖራለች። ማለዳ ጤዛ ሲወርድ ድሯ እንደ ስስ ነጭ ሻሽ ተዘርግቶ ይታያል፤ ፀሐይ ጠንከር ስትል ግን ድሩም እርሷም ከዐይን ይሰወራሉ። ብዙ ሰው ሳያያት ይረግጣታል፤ ያያት ደግሞ ተባይ መስላው መድኃኒት ይረጭባታል።

ስለዚህ ይህች ትንሽ ሸረሪት ማን እንደ ሆነች፣ ሊቃውንት አዲስ ዝርያ ሲያገኙ በምን እንደሚለዩአት፣ ለአዝመራችንም ምን እንደምትሠራ በተራ እንመለከታለን። በዚህ ትምህርት የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1. በፒያሳ የሆነው ነገር

ባለፈው በጋ ለሥራ ሐዋሳ ገብቼ ነበር። ፒያሳ ላይ በአንድ የእርሻ መድኃኒት መሸጫ ሱቅ ደጃፍ ቆሜ ሳለሁ ከቱላ በኩል የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ደረሱ። በአንድ እጃቸው በፌስታል የተቋጠረ የቲማቲም ቅጠል፣ በሌላው እጃቸው ክዳን ያለው ብልቃጥ ይዘዋል። ለባለ ሱቁም፣ «ሸረሪት ቲማቲሜን ፈጀው፤ ብርቱ መድኃኒት ስጠኝ» አሉት። ባለ ሱቁ ምንም ሳይጠይቅ አንድ ጠርሙስ ከመደርደሪያው አወረደ።

እኔም ጠጋ ብዬ፣ «አባባ፣ ከመግዛትዎ በፊት ሸረሪቱን ልየው?» አልኳቸው።

«እይ ልጄ» አሉኝ። «ሁለት ጊዜ ረጭቻለሁ፤ በረጨሁ ቁጥር ድሩ እየባሰ ሄደ። የልጄን የትምህርት ቤት ወጪ የምችለው በዚህ ቲማቲም ነው።»

ከደብተሬ አንድ ነጭ ወረቀት ቀድጄ በእግረኛው መንገድ ዳር ዘረጋሁና ቅጠሉን ከላይ ያዝኩ፤ በጣቴም ሦስት ጊዜ መታ መታ አደረግኩት። ወረቀቱ ላይ በርበሬ የተነሰነሰ የሚመስል ነጠብጣብ ወረደ። ጥቂት ቆይቶም ነጠብጣቡ መሄድ ጀመረ። ቀጥሎ ብልቃጡን ከፈትን። ከእንሰቱ ሥር የተያዙ ሦስት ቡናማ ፍጥረቶች ነበሩበት፤ ወገባቸው ቀጭን፣ ሆዳቸው ድቡልቡል ነው። አጉሊ መነጽሬን ሰጠኋቸው። ረጅም ጊዜ ካዩ በኋላ፣ «እነዚህስ ዘመድ አይመስሉም» አሉ።

ነገሩ እርሳቸው እንዳሉት ነበር። በቅጠሉ ላይ ያሉት ሸረሪቶች አልነበሩም፤ በብልቃጡ ያሉት ግን እውነተኞች ሸረሪቶች ነበሩ። አባባ ጠላታቸውንና ወዳጃቸውን በአንድ ስም እየጠሩ በአንድ ጠርሙስ ሊገድሉ መምጣታቸው ነው።

ይህን የምጽፈው በእርሳቸው ለመፍረድ አይደለም። እኔም ከእርሻ ኮሌጅ ተመርቄ በወጣሁበት በመጀመሪያው ዓመት ይህንኑ ስሕተት ሠርቻለሁ። አንዲት እናት የጎመን መደባቸው ድር ለብሶ ባየሁ ጊዜ ቀርቤ ሳልመረምር «ይረጭ» ብዬ አዘዝኩ። ተረጨ፤ ድሩም ጠፋ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ጎመኑ በክሽክሽ ተሸፍኖ ቅጠሉ ተጠቀለለ። ያጠፋሁት ክሽክሹን ሲበሉ የነበሩትን ሸረሪቶች ነበር። እኚያ እናት ጎመናቸውን ለከብት ሰጡት፤ እኔንም ምንም አላሉኝም። እስከ ዛሬ የምመረምረው ስለዚህ ነው።

2. ሸረሪት፣ ማይትና ነፍሳት በምን ይለያሉ?

ሦስቱን ለመለየት አጉሊ መነጽርና ትዕግሥት ይበቃሉ። አሥር ጊዜ የሚያጎላ መነጽር ይመረጣል።

ሀ. ነፍሳት። ክሽክሽ፣ ነጭ ዝንብ፣ ጥንዚዛ፣ ፌንጣ የመሳሰሉት ናቸው። ያደገው ነፍሳት ስድስት እግር አለው። አካሉ ራስ፣ ደረትና ሆድ ተብሎ በሦስት ይከፈላል። በራሱም ላይ ሁለት የመዳሰሻ ቀንዶች አሉት፤ አብዛኛውም ክንፍ ያወጣል።

ለ. ሸረሪት። ስምንት እግር አላት። አካሏ በሁለት ይከፈላል፤ ፊተኛው ራስና ደረት በአንድነት፣ ኋለኛው ሆድ ነው። በሁለቱ መካከል እንደ ክር የቀጠነ ወገብ አለ። ቀንድም ክንፍም የላትም። አብዛኞቹ ሸረሪቶች ስምንት ዐይን አላቸው። በሆዷ ጫፍ ድር የምታወጣባቸው ትናንሽ ጡት መሳይ ነገሮች ይታያሉ። ሸረሪት ቅጠል አትበላም፤ ምግቧ ሌሎች ትናንሽ ፍጥረቶች ናቸው።

ሐ. ማይት። ገበሬው «ቀይ ሸረሪት» የሚለው ይህን ነው። የመዥገር ዘመድ ነው። ያደገው እንደ ሸረሪት ስምንት እግር ስላለው ስሙ ተምታቷል። ወገብ ግን የለውም፤ አካሉ አንድ ድቡልቡል ነው። ቲማቲምና ባቄላ የሚያጠቃው ማይት ርዝመቱ ግማሽ ሚሊሜትር ያህል፣ ማለትም የጤፍ ፍሬ ግማሽ ግድም ነው። በቅጠሉ ጀርባ ተቀምጦ የቅጠሉን ፈሳሽ ይመጣል። ቅጠሉ በመጀመሪያ በመርፌ የተወጋ ይመስል በነጫጭ ነጥብ ይዥጎረጎራል፤ ቀጥሎ ይነጣል፤ በመጨረሻም ደርቆ ይረግፋል። ሲበዛ ስስ ድር ስለሚሠራ ሸረሪት ያስመስለዋል።

አንድ ቀላል መለያ እነሆ። የሸረሪት ድር በቅጠልና በቅጠል መካከል፣ ወይም በሣር ላይ ተዘርግቶ አየር ላይ ይቆማል፤ ማጥመጃ ነውና። የማይት ድር ግን በቅጠሉ ጀርባና በቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ተለጥፎ እንደ አቧራማ ጥጥ ይታያል፤ በውስጡም ነጠብጣቦች ይርመሰመሳሉ።

3. «አዲስ ዝርያ ተገኘ» ማለት ምን ማለት ነው?

አንዳንድ ጊዜ በሬዲዮ «አዲስ የሸረሪት ዝርያ ተገኘ» ሲባል ትሰሙ ይሆናል። ይህ ማለት ሸረሪቷ ትናንት ተፈጠረች ማለት አይደለም። በቦታዋ ስትኖር ኖራለች፤ አዲስ የሆነው የሰው ዕውቀት ነው። ሥራውም እንደሚከተለው ነው።

በመጀመሪያ ሸረሪቷ ተይዛ በአልኮል ውስጥ ትቀመጣለች። ከዚያ በኋላ ሊቁ በማይክሮስኮፕ ሥር አድርጎ ርዝመቷን፣ ቀለሟን፣ የዐይኖቿን ቁጥርና አደራደር፣ የእግሮቿን እሾህ ሳይቀር ለክቶ ይጽፋል፤ ሥዕሏንም ይሥላል። ከሁሉ ይልቅ የሚመለከተው የመራቢያ አካሏን ነው። ወንዱ ከአፉ አጠገብ ባሉት ሁለት አጫጭር መዳሰሻዎች ጫፍ ላይ፣ ሴቷም ከሆዷ ሥር ያላቸው ቅርጽ በየዝርያው የተለየ ነው፤ እንደ ቁልፍና እንደ ቁልፍ ቀዳዳ ማለት ነው። ቀለም ያታልላል፤ ይህ ቅርጽ ግን ብዙውን ጊዜ አያታልልም።

ቀጥሎም ከዚህ በፊት ከተጻፉት የቅርብ ዘመዶቿ ጋር ሁሉ ያስተያያታል። ከማንኛቸውም ጋር አንድ ካልሆነች በላቲን ሁለት ቃል ያለው ስም ይሰጣታል። አንዷ ናሙና በሙዚየም መመሳከሪያ ሆና ትቀመጣለች፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣ ሰው ቢጠራጠር ያቺኑ አውጥቶ ማየት ይችላል። በመጨረሻ ጥናቱ ይታተማል። ይህ ሥራ ስዊድናዊው ካርል ክሌርክ የሸረሪት መጽሐፉን ካሳተመበት ከ1757 ጀምሮ ሲሠራበት ቆይቷል። በስዊዘርላንድ በበርን ሙዚየም የሚጠበቀው የዓለም ሸረሪቶች መዝገብ በ2022 ሃምሳ ሺኛውን ዝርያ መዝግቧል።

አገራችንም በዚህ መዝገብ ውስጥ አለች። የኢጣሊያው ሊቅ ፒዬትሮ ፓቬሲ ከሸዋ ተሰብስበው ስለ ተላኩ ሸረሪቶችና ዘመዶቻቸው በ1883 ጥናት አሳትሟል። ከብዙ ዘመን በኋላ፣ በ1996፣ እንግሊዛውያኑ ፒተር መሬትና አንቶኒ ራስል ስሚዝ ከኢትዮጵያ የተገኙ አዳዲስ ትናንሽ ሸረሪቶችን ገለጹ። ከእነርሱ አንዷ አፍሮኔታ ማኩላታ ትባላለች፤ ማኩላታ ማለት በላቲን «ነጠብጣብ ያላት» ማለት ነው። በ2008ም የፖላንድ ሊቃውንት ዋንዳ ቬሶሎቭስካና ቤያታ ቶማሼቪች ከአገራችን የተሰበሰቡ አዳዲስ ዘላይ ሸረሪቶችን አስታወቁ።

የአፍሮኔታ ወገን የሆኑት ሸረሪቶች የሚያስደንቁ ናቸው። አካላቸው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ከዐይኖቻቸው ሥር በፊታቸው ላይ ሁለት ጎድጓዳ ሥፍራዎች አሉአቸው፤ ከሌሎቹም የሚለዩት በዚሁ ነው። በአፍሪካ የሚኖሩት አብዛኛውን ጊዜ በደጋማና በተራራማ ቦታ ነው። ሌሎች ዘመዶቻቸው ግን ባሕር ተሻግሮ እስከ ኒው ዚላንድ ድረስ ይገኛሉ። ሁሉም ድሩን እንደ ምንጣፍ አግድም ዘርግቶ ከሥሩ ተገልብጦ የሚንጠለጠል የአንድ ትልቅ ቤተሰብ አባሎች ናቸው። ይህ ቤተሰብ በዓለም ከ4,000 በላይ የታወቁ ዝርያዎች አሉት። በጎመን መደባችሁ ማለዳ የምታዩት ሻሽ መሳይ ድርም ብዙውን ጊዜ የዚህ ቤተሰብ ሥራ ነው።

በዓለም ከታወቁት ሸረሪቶች እጅግ ትንሽ ከሚባሉት አንዷ ደግሞ በ1977 የተገለጸችው የኮሎምቢያዋ ፓቱ ዲጉዋ ናት። የወንዱ አካል ርዝመት 0.37 ሚሊሜትር ብቻ ነው። በአንድ የጤፍ ፍሬ ላይ ቢቀመጥ ቦታ ይተርፈዋል ማለት ነው።

ታዲያ ይህ ለገበሬ ምን ይጠቅመዋል? የሚጠቅመው ይህ ነው፦ ሊቁ አንዲት ቅንጣት የምታህል ፍጥረት በስም ለመጥራት እግሯን ቆጥሮ፣ ወገቧን አይቶ፣ ከዘመዶቿ አስተያይቶ ነው። ገበሬም አንዲትን ፍጥረት ከመግደሉ በፊት ቢያንስ እግሯንና ወገቧን ሊያይላት ይገባል።

4. ትናንሾቹ ሸረሪቶች በእርሻችን ምን ይሠራሉ?

ትናንሾቹ ሸረሪቶች ከዘር ወራት ጀምሮ ወደ እርሻው ይመጣሉ። ክንፍ ባይኖራቸውም በሣር ጫፍ ላይ ወጥተው ቀጭን ክር ወደ አየር ይለቃሉ፤ ነፋሱ ክሩን ሲይዘው እነርሱንም ይዞ ይሄዳል። ስለዚህ አዲስ የታረሰ መሬት ላይ ቀድመው ከሚደርሱት መካከል ናቸው። ክሽክሹ ገና ጥቂት ሳለ መብላት መጀመራቸው ትልቁ ጥቅማቸው ነው።

የስዊዘርላንዱ ማርቲን ኒፌለርና ባልደረባው ክላውስ ቢርክሆፈር በ2017 ባሳተሙት ግምት መሠረት የዓለም ሸረሪቶች በዓመት ከ400 እስከ 800 ሚሊዮን ቶን የሚደርሱ ነፍሳትና ሌሎች ትናንሽ ፍጥረቶች ይበላሉ። ከዚህ የሚበዛው በደንና በሣር መሬት የሚበላው ነው፤ ምክንያቱም እርሻ በየጊዜው ስለሚታረስና ስለሚረጭ ሸረሪት አይረጋበትም።

የኢንዶኔዥያ የሩዝ ገበሬዎች ታሪክም ትምህርት ይሆነናል። በዚያ አገር የሩዝን አገዳ የምትመጥ አንዲት ቡናማ ተባይ ነበረች። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ መድኃኒቱ በበዛ ቁጥር እርሷም በዛች። ተመራማሪዎች ሲመረምሩ መድኃኒቱ ተባይዋን የሚበሉትን ሸረሪቶችና ሌሎች አዳኞች እየፈጀ መሆኑ ታወቀ። በ1986 መንግሥቱ 57 ዓይነት መድኃኒቶች በሩዝ ላይ እንዳይረጩ ከለከለ፤ ገበሬዎችንም እርሻቸውን ቆጥረው እንዲወስኑ ማስተማር ተጀመረ።

በአሜሪካ በቴነሲ ደግሞ ሪቸርትና ቢሾፕ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1990 ባሳተሙት ጥናት የአትክልት መደብ ሣር ሲጎዘጎዝበት ሸረሪቱ እንደሚበዛ፣ በተባይ የሚደርሰውም ጉዳት እንደሚቀንስ አሳይተዋል። ሸረሪቶቹን ለቅመው ሲያወጡ ጥቅሙ ቀረ፤ በዚህም ሥራው የሸረሪቶቹ መሆኑ ተረጋገጠ። የሲዳማ ገበሬ በእንሰቱና በቡናው ሥር ቅጠል መተዉ ለዚህም የሚረዳ መልካም ልማድ ነው።

ነገር ግን እውነቱን ሙሉ እንናገር። ሸረሪት ሁሉን የምትችል አይደለችም። ተባዩ አንዴ ከገነፈለ ብቻዋን አትመልሰውም። አንዳንድ ጊዜም ንብንና ሌሎች ጠቃሚ ነፍሳትን ትበላለች። ማይትንም በብዛት የሚበሉት ሌሎች ናቸው፤ ይኸውም ፈጣን የሆኑ አዳኝ ማይቶችና ጥቃቅን ጥቁር ጥንዚዛዎች ናቸው። ለትልና ለክሽክሽ የተሠራ ብርቱ መድኃኒት ሲረጭ እነዚህ ሁሉ አብረው ይሞታሉ። ማይቱ ግን በብዙ መድኃኒት አይሞትም፤ በሞቃትና በደረቅ አየር ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ አዲስ ትውልድ ያደርሳል። የአባባ ቲማቲም ሁለት ጊዜ ተረጭቶ የባሰበት ምክንያት ይህ ነው።

5. ስለዚህ ምን እናድርግ?

1ኛ. በሳምንት ሁለት ጊዜ በማለዳ እርሻችሁን ዙሩ። የቅጠሉን ፊት ብቻ ሳይሆን ጀርባውን ገልብጣችሁ እዩ።

2ኛ. በነጭ ወረቀት ፈትኑ። ከአሥር የተለያዩ ተክሎች አንድ አንድ ቅጠል ወስዳችሁ ወረቀቱ ላይ መታ መታ አድርጉ። የወረደውን በመነጽር እዩ፤ እግር ቁጠሩ፤ ወገብ ፈልጉ።

3ኛ. አየር ላይ የተዘረጋ ድር ካያችሁ አትንኩት። የሸረሪት እንቁላል የተጠቀለለበትን ነጭ ከረጢትም ተዉት።

4ኛ. ማይት መሆኑ ከታወቀ ክፉኛ የተያዙትን ቅጠሎች ቀጥፋችሁ በከረጢት አድርጋችሁ ከእርሻው አውጡና አቃጥሉ ወይም ቅበሩ። እየጎተታችሁ በሌላው መስመር አትለፉ።

5ኛ. ተክሉን ውኃ አታስጠሙት። የቅጠሉን ጀርባ በውኃ እጠቡ። አቧራ የሚበዛበት መንገድ ዳር ያለውን መስመር ይበልጥ ተከታተሉ፤ ማይት ደረቅና አቧራማ ቦታ ይወዳልና።

6ኛ. በመደቡ ላይ ደረቅ ሣር ጎዝጉዙ፤ በዳርና በዳር ጠባብ የሣር መስመር ሳይታረስ አስቀሩ። ሸረሪቶቹ መጠጊያ ያገኛሉ።

7ኛ. መድኃኒት ግድ ከሆነ በማይት ላይ የሚሠራ መሆኑን የልማት ሠራተኛችሁን ጠይቁ፤ ጽሑፉን አስነብቡ። የተያዘውን ቦታ ብቻ ርጩ። ለሌላ ተባይ የተሠራውን «ብርቱ ነው» ስለ ተባለ ብቻ አትግዙ። በምትረጩም ጊዜ አፍና አፍንጫችሁን፣ እጃችሁንም ሸፍኑ፤ በመለያው ላይ የተጻፈው ቀን ሳይሞላ ፍሬ አትልቀሙ።

6. ለልማት ሠራተኞች

ያላወቃችኋትን ሸረሪት ስታገኙ «አዲስ ዝርያ አገኘሁ» ብላችሁ አትቸኩሉ፤ ችላም አትበሏት። በትንሽ ብልቃጥ ውስጥ ከመድኃኒት ቤት በሚገኝ ከ70 እስከ 80 በመቶ በሆነ አልኮል አድርጓት። አረቄ አይበቃም፤ ናሙናው ይበሰብሳል። በአነስተኛ ወረቀት ላይ በእርሳስ ቀበሌውን፣ የቦታውን ከፍታ፣ ቀኑን፣ የተክሉን ዓይነትና የሰብሳቢውን ስም ጽፋችሁ እዚያው ብልቃጥ ውስጥ ክተቱ። እስክሪብቶ በአልኮል ይለቃል። ወንድና ሴት ሁለቱም ቢገኙ ይመረጣል። ከዚያም በአቅራቢያችሁ ላለው የእርሻ ኮሌጅ ወይም ዩኒቨርሲቲ አድርሱ። ቦታና ቀን የሌላት ሸረሪት ለሊቁ ምንም አትነግረውም።

መደምደሚያ

በፒያሳ የተገናኘኋቸው አባት የዚያን ቀን ጠርሙሱን አልገዙም። በገንዘቡ ምትክ አጉሊ መነጽር ፈልገው ሄዱ። ከአንድ ወር በኋላ ቱላ ወርጄ እርሻቸውን አየሁ። በመንገዱ ዳር ያሉት ሦስት መስመሮች ጠፍተዋል፤ ይህን አልደብቅም። የቀሩት ግን አዲስ ቅጠል አውጥተው ፍሬ ይዘዋል። በመስመሮቹ መካከል ሣር ተጎዝጉዟል፤ በሣሩም ላይ የማለዳው ድር ተዘርግቷል። «ልጄ፣ አሁን እግራቸውን ሳልቆጥር አልፈርድም» አሉኝ።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይባላል። አንዲት ትንሽ ሸረሪት ኢምንት ናት፤ በአንድ ጥማድ መሬት ያሉት ሁሉ ሲያብሩ ግን ትልቅ ረዳት ናቸው። እባካችሁ፣ ከመርጨታችሁ በፊት እዩ።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. ሸረሪትና ማይት ሁለቱም ስምንት እግር ካላቸው በምን ይለያሉ?

2. የማይት ድርና የሸረሪት ድር አቀማመጣቸው እንዴት ነው?

3. ለክሽክሽ የተሠራ መድኃኒት ማይትን የሚያበዛው ስለ ምንድን ነው?

4. አዲስ የሸረሪት ዝርያ ለመለየት ሊቃውንት ከቀለም ይልቅ ምን ይመለከታሉ?

5. በገዛ እርሻችሁ የነጭ ወረቀቱን ፈተና አድርጉ፤ ያገኛችሁትንም ለጎረቤታችሁና ለልማት ሠራተኛችሁ አሳዩ።